የበረዶ ሆኪ ምቶች፦ በረኛው ጊዜ የሚያጣው መቼ ነው?

በሰሜን ናይሮቢ፣ ሩንዳ ውስጥ ለሚኖር ቤተሰብ በረዶ የሩቅ አገር ነገር ይመስላል። ከተማዋን አቋርጦ ወደ ሞምባሳ መንገድ ለወረደ ሰው ግን ፓናሪ ሆቴል ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2005 የተከፈተ የበረዶ መንሸራተቻ አለ። «አይስ ላየንስ» የተባለው የኬንያ የበረዶ ሆኪ ቡድን ያደገው እዚያ ነው። በአገር ውስጥ ተጋጣሚ ስላልነበረው ተጫዋቾቹ ለሁለት ተከፍለው እርስ በርሳቸው ሲጫወቱ ኖሩ። በ2018 ወደ ካናዳ ተጋብዘው ከሌላ ቡድን ጋር ሲገናኙ ሲድኒ ክሮስቢና ኔታን ማኪነን፣ ሁለቱ የዘመኑ ታላላቅ ተጫዋቾች፣ ከጎናቸው ተሰለፉ። በ2024 ደግሞ ኬንያ የዓለም አቀፉ የበረዶ ሆኪ ፌዴሬሽን ተባባሪ አባል ሆነች።

እንግዲህ ልጆቻቸውን ለዚህ ስፖርት ሊያስመዘግቡ የሚያስቡ ወላጆች ብዙ ጊዜ የማይነገራቸው ነገር አለ። ስቲክ፣ ማለትም የሆኪ መምቻ ዱላ፣ የያዘ ልጅ መጀመሪያ የሚያምረው ክንዱን ወደ ኋላ ሰቅሎ በሙሉ ጉልበቱ መምታት ነው። እኛ ኢትዮጵያውያን ይህን ስሜት ከገና ጨዋታ እናውቀዋለን፤ እሩሯን አርቆ የሚመታ ጎረምሳ ሜዳው ሁሉ ያደንቀዋል። የበረዶ ሆኪ ግን 1.83 ሜትር ስፋትና 1.22 ሜትር ከፍታ ያለው ትንሽ ግብ፣ በዚያች ግብ ፊት ደግሞ ከእግር እስከ ራሱ በመከላከያ የተሸፈነ በረኛ አለው። በሰሜን አሜሪካው ትልቁ ሊግ እንኳ ግብ ላይ ካረፉ አሥር ምቶች በረኛውን የሚያልፈው አንድ ገደማ ብቻ ነው።

ያ በሙሉ ጉልበት የሚመታው ምት ስላፕ ሾት ይባላል። ስቲኩ ፓኩን (በረዶው ላይ የሚንሸራተተውን የጎማ ዲስክ) ከመንካቱ ጥቂት ቀድሞ በረዶውን ይመታል፤ ዘንጉ ይለመጥና ሲቃና ያጠራቀመውን ጉልበት ለፓኩ ያስረክባል። ፍጥነቱ ያስደነግጣል። ስሎቫካዊው ዝዴኖ ቻራ እ.ኤ.አ. በ2012 በዚያው ሊግ የኮከቦች ውድድር በሰዓት 175 ኪሎ ሜትር የደረሰ ምት መትቷል። ይህን ሁሉ ጉልበት ይዞም ስላፕ ሾት ግብ በማስገኘት መጠን ከዝቅተኞቹ ይመደባል።

ምክንያቱን በሂሳብ ማየት ይቻላል። ከ20 ሜትር ርቀት በሰዓት 160 ኪሎ ሜትር የተመታ ፓክ ግብ ላይ ለመድረስ 0.45 ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። ከ6 ሜትር ርቀት በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የተመታው ግን 0.22 ሰከንድ ያህል ብቻ። ቀርፋፋው ምት ለበረኛው የሚተውለት ጊዜ የፈጣኑን ግማሽ እንኳ አይሞላም። በዚያ ላይ ስላፕ ሾት የሚመታ ሰው ስቲኩን ሲሰቅል በረኛው ያየዋል፤ ቦታውን አስተካክሎ ይጠብቀዋል።

ሪስት ሾት የዚህ ተቃራኒ ነው። ፓኩ ከስቲኩ ምላስ ሳይለይ ትንሽ ይጎተትና በእጅ አንጓ ጥምዘዛ ይወነጨፋል። ዝግጅቱ አይታይም፤ ማዕዘን መርጦ ለመላክም ይመቻል። በትልልቅ ሊጎች ከሁሉ በላይ የሚዘወተረው ምት ይህ መሆኑ አያስገርምም። ስናፕ ሾት የሁለቱ መካከለኛ ነው፤ አጭር ወደ ኋላ መሳብ፣ ፈጣን መልቀቅ። በስቲኩ ምላስ ጀርባ የሚመታው ባክሃንድ ጉልበት ቢያንሰውም በረኛው ወዴት እንደሚሄድ ለመገመት ይቸገራል፤ አብዛኛውን ጊዜም የሚሞከረው ከቅርብ ነው። ከግቡ ጀርባ ዞሮ ፓኩን በቋሚው ጥግ ለመሸጎጥ መሞከር ለተመልካች ያምራል፤ የበረኛው እግር ቋሚው ጋ ለመድረስ ግን አንድ እርምጃ ይበቃዋል፣ ስለዚህ እምብዛም አይሳካም።

ከሁሉ ይልቅ ትኩረት የሚገባው ቲፕ የሚባለው ነው። አንድ ተጫዋች ከሩቅ ይመታል፤ ግቡ ፊት የቆመው ጓደኛው በስቲኩ ጫፍ ፓኩን ነካ አድርጎ አቅጣጫውን ያስቀይረዋል። በረኛው ወደ መጀመሪያው መንገድ ተንቀሳቅሷል፤ ለመመለስ ጊዜ የለውም። ግብ የመሆን ዕድላቸው ከፍ ካሉት ምቶች አንዱ ነው፤ የሚጠይቀውም ቦታ ይዞ መቆምን፣ መገፋትን መቻልንና ዓይንን ከፓኩ አለመንቀልን እንጂ ትልቅ ክንድ አይደለም።

እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ቲፕ ብዙ ግብ የሚያስገኘው በዓይነቱ ብቻ ሳይሆን ግቡ አፍ ላይ ስለሚፈጸምም ነው፤ ስላፕ ሾት የሚያንሰውም በአብዛኛው ከሩቅ ስለሚመታ ነው። ከተመሳሳይ ቦታ የተመቱትን ብቻ ስናነጻጽር በዓይነቶቹ መካከል ያለው ልዩነት ይጠብባል። የአንድን ምት የግብ ዕድል የሚያሰሉ ባለሙያዎች ለርቀትና ለማዕዘን ትልቅ ክብደት የሚሰጡት ለዚህ ነው። የቀድሞው በረኛ ስቲቭ ቫሊኬት ከግብ እስከ ግብ ሜዳውን በመሐል የሚከፍል ምናባዊ መስመር አስቦ፣ ቅብብል ያንን መስመር ተሻግሮ ወዲያው ሲመታ በረኛው ከጎን ወደ ጎን ለመሻገር ስለሚገደድ አደጋው እንደሚበረታ አስረድቷል። ሩሲያዊው አሌክስ ኦቬችኪን እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2025 በዚያው የሰሜን አሜሪካ ሊግ የዌይን ግሬትስኪን የ894 ግብ ክብረ ወሰን ሰብሯል፤ ለዓመታት የሚታወቀውም ከግቡ በስተግራ በሜዳው ላይ በተሰመረው ክብ ላይ ቆሞ፣ ከሌላኛው ወገን የመጣለትን ቅብብል ሳያቆም በመምታት ነው። ጉልበት አለው፤ ጉልበቱ የሚገድለው ግን በረኛው ገና እየተንሸራተተ ሳለ ነው።

ስላፕ ሾት ይጣል ማለቴ አይደለም። በረኛው ፊት የቡድን ጓደኛ ቆሞ ዓይኑን ሲጋርድበት፣ ወይም ተመልሶ የሚመጣውን ፓክ የሚቀበል ሰው ቅርብ ሲሆን፣ የሩቁ ምት ዋጋው ትልቅ ነው።

የፓናሪ ሜዳ ግን ከመደበኛው በብዙ ያነሰ ነው፤ ሩቅ የሚባል ቦታ እምብዛም የለውም። ስለዚህ ለጀማሪ ልጅ የምመክረው መጀመሪያ በሁለት እግሩ ጸንቶ መንሸራተትን፣ ቀጥሎ ሪስት ሾትን፣ ከዚያ ቅብብልን ሳያቆሙ መምታትን እንዲማር ነው። ቲፕ የሚለማመድ ልጅ ደግሞ የራስ ቁር፣ የፊት መከለያና የእግር መከላከያ ሳያደርግ ግብ ፊት አይቁም፤ ፓኩ 160 ግራም ገደማ የሚመዝን ጠንካራ ጎማ ነው፣ አቅጣጫውን ቀይሮ ሲነሳም የሚያርፈው ፊት ላይ ሊሆን ይችላል።