የዝንብ እጭ፦ መድኃኒትም መቅሠፍትም

በሐምሌና በነሐሴ ሙቀት፣ በሮተርዳም ዳርቻ በምትገኘው በሆግቭሊትም ሆነ በሌሎች የኔዘርላንድ ከተሞች፣ የምግብ ትራፊና የጓሮ ቅጠል የሚጣልበትን በርሜል የከፈተ ሰው በክዳኑ ዙሪያ የሚርመሰመሱ ነጫጭ ትሎች ቢያይ አይገርምም። የብዙዎቻችን የመጀመሪያ ስሜት መጸየፍ ነው። በባህላችንም ትል የመበስበስና የሞት ምልክት ሆኖ ኖሯል፤ የጻድቁ ኢዮብ መከራ ሲነገር እንኳ ትል አብሮ ይነሣል። ይሁን እንጂ በዚያው አገር ሐኪሞች የዝንብ ትልን ሊቆረጥ የተቃረበን እግር ለማዳን፣ ፋብሪካዎች ደግሞ ለእንስሳት መኖ ይጠቀሙበታል። መድኃኒቱን ከመቅሠፍቱ የሚለየው የዝንቡ ዓይነትና እጩ የሚያድግበት ሁኔታ ነው።

ከእንቁላል እስከ ክንፍ

በተለምዶ ትል የምንለው በእርግጥ የዝንብ እጭ ነው። ዝንብ በሕይወቷ አራት ደረጃዎችን ታልፋለች፦ እንቁላል፣ እጭ፣ በጠንካራ ቅርፊት ውስጥ የሚካሄደው ፑፓ የተባለ የለውጥ ጊዜ፣ በመጨረሻም ክንፍ ያላት ዝንብ። እጩ እግር የለውም፤ በአፉ ግን ጥቃቅን መንጠቆዎች አሉት። ዋነኞቹ መተንፈሻ ቀዳዳዎቹ ከኋላው ስለሆኑ ራሱን በምግቡ ውስጥ ቀብሮ ያለ ዕረፍት መብላት ይችላል። ሥራው መብላትና ማደግ ብቻ ነው።

ለብዙ ዘመናት ትል ከበሰበሰ ሥጋ በራሱ እንደሚፈጠር ይታመን ነበር። ጣሊያናዊው ፍራንቼስኮ ሬዲ እ.ኤ.አ. በ1668 ባሳተመው ሥራ፣ ሥጋን በተሸፈነና ባልተሸፈነ ዕቃ አስቀምጦ፣ ሥጋው የሚተላው ዝንብ ልታርፍበት ስትችል ብቻ መሆኑን አሳየ። በዓመቱ የአምስተርዳም ተወላጁ ያን ስዋመርዳም ስለ ነፍሳት መጽሐፍ አሳተመ፤ እጩና ክንፍ ያለው ነፍሳት አንዱ ፍጡር በተለያየ የዕድሜ ደረጃ መሆኑንም አስረዳ።

ቁስል የሚያጸዳው እጭ

የስኳር በሽታ ያለበት ሰው እግሩ ስሜት ሊያጣና የደም ዝውውሩም ሊዳከም ስለሚችል፣ ትንሽ ቁስል ለወራት ሳይድን ይቆያል፤ አንዳንዴም እግርን እስከ ማስቆረጥ ይደርሳል። ቁስሉ እንዲድን በመጀመሪያ የሞተው ሥጋ መወገድ አለበት። ሐኪሞች ይህን አብዛኛውን ጊዜ በስለት ያከናውኑታል። ሉሲሊያ ሴሪካታ የተባለችው አረንጓዴ አብረቅራቂ ዝንብ እጭ ግን ይህንኑ ሥራ ያለ ስለት ይሠራል። እጩ ምግብ የሚያልም ፈሳሽ ወደ ቁስሉ ይረጫል፤ ፈሳሹ የሞተውን ሥጋ ሲያቀልጠው እጩ መልሶ ይመጠዋል፤ ጤናማውን ሥጋ ግን በአብዛኛው አይነካም። ከዚህም ሌላ ባክቴሪያዎችን አብሮ ይውጣል፤ ፈሳሹም እድገታቸውን ይገታል።

አሜሪካዊው ሐኪም ዊልያም ቤር በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወቅት፣ ለቀናት በጦር ሜዳ ወድቀው የቆዩ ቁስለኞች ቁስላቸው ትል ቢሞላውም ከሥር ንጹሕ ሆኖ አገኙት። ከዓመታት በኋላም ዘዴውን በሕሙማን ላይ ሞክረው ውጤቱን በ1931 አሳተሙ። ፔኒሲሊን ሲስፋፋ ሕክምናው ተረሳ፤ መድኃኒት የማይበግራቸው ባክቴሪያዎች ሲበዙ ደግሞ ተመልሶ መጣ። በኔዘርላንድ፣ በሄግና በአምስተርዳም መካከል በምትገኘው ላይደን፣ የቀዶ ሕክምና ባለሙያው ኼሮልት ዩኬማና ባልደረቦቻቸው እግርን ከመቆረጥ ለማዳን በእጭ ስላከሟቸው ሕሙማን እ.ኤ.አ. በ2002 ጽሑፍ አሳትመዋል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤትም በ2004 የሕክምና እጭን ፈቅዷል።

ሆኖም ሕክምናው ተአምር አይደለም። በብሪታንያ በ267 የእግር ቁስል ሕሙማን ላይ ተካሂዶ በ2009 ውጤቱ የታተመው ጥናት፣ እጭ ቁስሉን ከተለመደው ሕክምና ፈጥኖ እንደሚያጸዳ አረጋግጧል፤ ቁስሉ ሙሉ በሙሉ የሚድንበትን ጊዜ ግን አላሳጠረም፤ ሕመሙም በርትቷል። ስለዚህ እናታችን ወይም አባታችን ይህን ሕክምና ቢታዘዝላቸው ከመደንገጥና ከመከልከል ይልቅ ጥቅሙንና ሕመሙን ሐኪሙን መጠየቅ ይበጃል። እጮቹ በቤተ ሙከራ ከጀርም ነጽተው የሚያድጉ ናቸው። ብዙ ጊዜ በስስ ከረጢት ታሽገው ቁስሉ ላይ ይደረጋሉ፤ ከጥቂት ቀናት በኋላም ይነሣሉ። ከቆሻሻ የመጣ ትል ግን በሽታ ተሸካሚ ስለሆነ በቤት ውስጥ መሞከር ለሕይወት ያሰጋል።

ከተረፈ ምርት ወደ መኖ

ሌላው ባለውለታ ጥቁር ወታደር ዝንብ የሚባለው ነው። እጩ የአትክልትና የእህል ተረፈ ምርት በልቶ በሁለት ሳምንት ገደማ ያድጋል፤ በፕሮቲንና በቅባት የበለጸገ መኖም ይሆናል። ፕሮቲክስ የተባለው ኩባንያ ከሮተርዳም በስተደቡብ በምትገኘው ቤርገን ኦፕ ዞም የሠራውን ትልቅ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ2019 ንጉሥ ቪለም-አሌክሳንደር መርቀው ከፍተውታል። የአውሮፓ ኅብረት ከነፍሳት የሚገኝ ፕሮቲንን በ2017 ለዓሣ እርባታ፣ በ2021 ደግሞ ለዶሮና ለአሳማ መኖነት ፈቅዷል። እጮቹን በእንስሳት እበት ወይም በሬስቶራንት ትራፊ መመገብ ግን ክልክል ነው፤ እነርሱ የበሉት መልሶ ወደ ሰው ማዕድ ይደርሳልና።

ጉዳቱ

በአገር ቤት ያለው ገጽታ ከዚህ የተለየ ነው። ቱምቡ የሚባለው የአፍሪካ ዝንብ በኢትዮጵያም ይገኛል። ሴቷ እንቁላሏን በአሸዋ ላይ ወይም በጥላ ሥር በተሰጣ እርጥብ ልብስ ላይ ትጥላለች። የተፈለፈለው እጭ ቆዳን በስቶ ይገባል፤ በቀናት ውስጥም መሐሉ ቀዳዳ ያለው፣ እባጭ የሚመስል እብጠት ይፈጥራል። ለዕረፍት አገር ቤት ቆይቶ ሲመለስ እንዲህ ያለ እብጠት ያየ ሰው የት እንደነበረ ለሐኪሙ ይንገር፤ በአውሮፓ ሐኪሙ እንደ ተራ እባጭ ሊቆጥረው ይችላል። ሕክምናው ቀላል ነው፤ ቀዳዳው በቫዝሊን ሲዘጋ አየር ያጠረው እጭ ወደ ላይ ይወጣል፤ ከዚያም ይነቀላል። መከላከያው ደግሞ ልብስን የውስጥ ልብስ ሳይቀር በጋለ ካውያ መተኮስ ነው።

ከሁሉ የከፋው ጉዳት ግን ከእጩ ሳይሆን ካደገችው ዝንብ ይመጣል። በዓለም ትራኮማ ከጸናባቸው ስፍራዎች አንዱ የአማራ ክልል ነው። በልጆች ዓይን ላይ የምታርፈው ዝንብ የበሽታውን ባክቴሪያ ከዓይን ወደ ዓይን ታዛምታለች። እጯ በዋናነት የሚያድገው ሜዳ ላይ በተጣለ የሰው ዓይነ ምድር ውስጥ ነው። በጋምቢያ የተካሄደ የ2004 ጥናት መጸዳጃ ቤት መሥራት በልጆች ዓይን ላይ የሚያርፉትን ዝንቦች በ30 በመቶ ገደማ እንደቀነሰ አሳይቷል። በሌላ በኩል በዋግ ኽምራ ተካሂዶ በ2022 የታተመ ጥናት፣ ለሦስት ዓመታት የቀጠለ የውኃና የንጽሕና ፕሮግራም የልጆችን የዓይን ኢንፌክሽን እንዳልቀነሰ አሳውቋል። መጸዳጃ ቤት ያስፈልጋል፤ ብቻውን ግን አይበቃም፤ መድኃኒቱ፣ ፊት መታጠቡና የዓይን ቆብ ቀዶ ሕክምናው አብረው መሄድ አለባቸው።

ሳይንስ ስለ ዝንብ እጭ የሚሰጠው ትምህርት ይኸው ነው። እጩ ያገኘውን ይበላል፤ የሚበላውን የሚያዘጋጅለት ግን ብዙ ጊዜ ሰው ነው። በላይደን ሐኪም፣ በቤርገን ኦፕ ዞም ፋብሪካ አዘጋጅተውለት አገልጋይ ሆነ። መጸዳጃ በሌለበት መንደር ግን ያው የመብላት ችሎታው የልጆችን ዓይን የምትወርር ዝንብ ያፈራል። በርሜላችንን በተመለከተ ደግሞ ሥጋና ዓሣን በጋዜጣ ጠቅልሎ መጣልና ክዳኑን አጥብቆ መዝጋት ይበቃል።