ታንኳው አትላንቲክን አልተሻገረም፤ ደንገሉ ግን ተሻግሯል

በየጥቂት ወሩ ያው ወሬ ይመለሳል። የጣና ታንኳ ፎቶ ይለጠፋል፤ ከሥሩ «አትላንቲክን ያቋረጠች የአባቶቻችን ጀልባ» ይባላል፤ ከዚያ እልፍ ሰው «ኩራታችን» እያለ ያጋራዋል። እዚህ እኔ ባለሁበት ፀዳም ሻይ ቤት የተቀመጠ ሁሉ ስልኩን እየዘረጋ ያሳየኛል። አይደለም ስል ምቀኛ እባላለሁ። እውነተኛው ታሪክ እኮ ከወሬው ይበልጣል፤ ለምን እንደሚጠሉት አይገባኝም።

ታንኳ አትላንቲክን አላቋረጠም። ያቋረጠው ከጣና ዳር የታጨደ፣ ታንኳ የሚሠራበት ደንገል ነው። ቶር ሄየርዳል የተባለው ኖርዌያዊ የጥንት ሰዎች በደንገል ጀልባ ውቅያኖስ መሻገር ይችሉ እንደነበር ለማሳየት ፈለገ። ደንገሉን ከጣና በቀይ ባሕር በኩል ግብፅ አስወሰደ፤ ጀልባዋንም ጊዛ ላይ፣ ከፒራሚዶቹ ሥር፣ የቻድ ሐይቅ ሰዎች ሠሩለት። «ራ» ተባለች። ግንቦት 17 ቀን 1961 ዓ.ም. ሰባት ሰዎች ይዛ ከሞሮኮዋ ሳፊ ወደብ ተነሣች፤ 5000 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዳ፣ ባርቤዶስ ሳትደርስ፣ ሐምሌ ላይ ተፈታታ ተተወች። በዓመቱ ከቦሊቪያ የመጡ የቲቲካካ ሐይቅ ጀልባ ሠሪዎች ያንኑ የኢትዮጵያ ደንገል በሌላ ዘዴ አሰሩትና «ራ 2» ስምንት ሰዎች ይዛ በ57 ቀን ባርቤዶስ ገባች። ዛሬ ኦስሎ በሚገኘው የኮንቲኪ ሙዚየም ቆማለች።

አንድ ደንገል፣ አንድ ውቅያኖስ፤ አንዷ ተበተነች፣ አንዷ ደረሰች። ወሬኞቹ ሊጠይቁ የሚገባቸው «ለምን?» ብለው ነበር።

ስለ አርኪሜድስ የመንሳፈፍ ሕግ አላወራም፤ ስምንተኛ ክፍል የደረሰ ሁሉ ያውቀዋል። የሚያከራክረው አገዳው ውስጥ ያለው ነገር ነው። ብዙ ሰው ደንገል የሚንሳፈፈው እንደ ሸምበቆ ውስጡ ባዶ ስለሆነ ይመስለዋል። ባዶ አይደለም። በቢላ አግድም ቁረጡት፦ ባለ ሦስት ማዕዘን ነው፤ ዙሪያው ጠንካራ አረንጓዴ ልባስ፣ መሐሉ ነጭ፣ አውራ ጣት ሲጫነው የሚሰረጉድ ቀላል ሥጋ። ሥጋው በጥቃቅን የአየር ክፍተቶች የተሞላ ነው። የዕፅዋት ባለሙያዎች ኤረንካይማ ይሉታል፤ እኔ «አየር አዘል ሥጋ» እያልኩ እቀጥላለሁ፤ የተሻለ ስም ያለው ይምጣ። ተክሉ ይህን ያበጀው ጀልባ እንሠራበታለን ብሎ አይደለም። ሥሩ የቆመው ኦክስጅን በማይደርስበት ጭቃ ውስጥ ነው፤ ስለዚህ አየር ከላይ ወደ ታች የሚወርድበት መንገድ ያስፈልገዋል።

መንገዱ ግን አየርን ብቻ መርጦ አያሳልፍም። ደንገሉ ሲታጨድ ጫፉ ይከፈታል። የተከፈተው ጫፍ ውሃ ሲነካ፣ የኩራዝ ክር ጋዝ እንደሚስበው፣ ሥጋው ውሃውን እየሳበ አየሩን ያስወጣል። ልባሱ በአንጻሩ ውሃ ቶሎ አያስገባም። እንግዲህ ታንኳ የሚከብደው በጎኑ ሁሉ ስለሚያፈስ አይደለም፤ የሚጠጣው በአገዳው ጫፍ፣ ገመድ በበላው ቦታና ከድንጋይ ጋር ተፋግጎ ልባሱ በተላጠበት ነው። ከሄየርዳል ጉዞ በፊት ደንገል ሁለት ሳምንት አይቆይም ያሉት አዋቂዎች የተሳሳቱትም እዚህ ላይ ነው። ነጠላ አገዳ ውሃ ውስጥ የሚያሳየው ጠባይ፣ ተጠብቆ የታሰረ ነዶ ከሚያሳየው የተለየ ነው። ነዶው ተወጥሮ ሲታሰር አገዳው ውሃ ጠጥቶ ማበጥ ይፈልጋል፤ ገመዱ አያስፋፋውም፤ ክፍተቱ ይጨመቃል፤ ውሃው የሚገባበት ይጠብበታል። ልል እስር ሲሆን የአገዳው መሐል ሁሉ የውሃ ማደሪያ ይሆናል።

ጎርጎራ ዳር ታንኳ ያየ ሰው ይህን ፊዚክስ በዓይኑ አይቶታል። ታንኳው ከውሃ እንደወጣ ዛፍ ወይም ግንብ ተደግፎ በቁሙ ይቆማል፤ ታችኛው ግማሽ ጠቁሮ ከሥሩ ውሃ ጠብ ጠብ ይላል። «ለምን አትወጡበትም?» ብትሉ መልሱ አጭር ነው፦ «ጠጥቷል እኮ፤ ይንጠፍጠፍ።» በታንኳ ሥራ የታወቁት ወይጦዎችና ከእነሱ የተማሩ አሣ አጥማጆች ይህን የሚያደርጉት በየቀኑ ነው። የላላውን ልጥ ያጠብቃሉ፤ ከውስጥ የሚቀመጡበትን ደረቅ ደንገል ይለውጣሉ፤ እንዲህም ሆኖ ታንኳው ጥቂት ወር ካገለገለ እሰየው ነው። በዚህ ስሌት የተሠራን ጀልባ ሁለት ወር ከውሃ ሳያወጡ ባሕር ላይ ማቆየት አይታሰብም።

«ራ» ላይ የጠፋውም ገመድ ነው። በጥንት ግብፃውያን ሥዕል የጀልባው ኋላ ወደ ላይ ቆልመም ይላል፤ ከቆልማማው ጫፍ ወደ ወለሉ የሚወርድ ገመድም ይታያል። ሠሪዎቹ ገመዱ የሚያስፈልግ አልመሰላቸውም፤ ኋላው ያለ እሱም ቀጥ ብሎ ቆሞ ነበርና ቀረ። ባሕር ላይ ኋላው ጠጥቶ ሰገደ፤ ማዕበሉ በላዩ ይረማመድ ጀመር። ከዚያ በኋላ የመርከበኞቹ ኑሮ ማሰር፣ መጠገን፣ የተሰበረ መቅዘፊያ ማያያዝ ሆነ። ደንገሉ አልበሰበሰም። የተበላው ገመዱ ነው፤ ገመዱ ሲበጠስ ነዶው ተበተነ። ቦሊቪያውያኑ ግን ሁለት ትልልቅ ነዶዎችን መሐል ላይ ካለ ቀጭን ነዶ ጋር ረጅም ገመድ ጠምዝዘው፣ እየሳቡ አጣበቋቸው። «ራ 2»ም ብትሆን ክፉኛ ጠጥታ፣ ዝቅ ብላ ነው የደረሰችው።

እዚህ ላይ ጠንቀቅ ልበል፤ ዕፅዋት የእኔ ሰፈር ስለሆነ ባልንጀሮቼ ይጠብቁኛል። አንደኛ፣ ሄየርዳል መሻገር እንደሚቻል አሳየ እንጂ የጥንት ግብፃውያን ተሻግረዋል የሚል ማስረጃ አላመጣም፤ አብዛኞቹ የአርኪኦሎጂ ምሁራንም አይቀበሉትም። ሁለተኛ፣ የቻድ ሐይቅ ሰዎች ጀልባቸውን እንደ ታንኳ በየቀኑ ሳያደርቁ ውሃ ላይ ያሳድራሉ፤ ይህ ግን የእኛ ሰዎች ሙያ ያንሳል ማለት አይደለም። ታንኳ ቀላል እንዲሆን፣ አንድ ሰው ጎትቶ እንዲያወጣው ታስቦ የተሠራ ነው፤ ማድረቁ የአሠራሩ አካል እንጂ ጉድለቱ አይደለም። ሦስተኛ፣ ከ2004 ዓ.ም. መግቢያ ጀምሮ በመገጭ ወንዝ መግቢያ በኩል ጣናን የወረረው እምቦጭም አየር አዘል ስለሆነ «ታንኳ እንሥራበት» የሚሉ አሉ። አየሩ አለው፤ የደንገልን ቁመትና ጠንካራ ልባስ ግን ከየት ያመጣዋል?

አራተኛውና ሁሉም የሚዘለው የመታጨጃው ወር ነው። ሄየርዳል በኋላ ላይ «ጢግሪስ» የተባለችውን ጀልባ ኢራቅ ውስጥ ሲሠራ፣ የረግረጉ ዐረቦች በርዲ የሚሉትን ተክል በነሐሴ ካልታጨደ ቶሎ ይጠጣል አሉት፤ ሰማቸው። በርዲ ደንገል አይደለም፤ ስለዚህ ነሐሴን እንዳለ ገልብጦ ጣና ላይ ማዋል አይቻልም። ሆኖም ጀልባዋ ለአምስት ወር ያህል ባሕር ላይ ቆይታ፣ የአካባቢውን ጦርነት ለመቃወም መጋቢት 25 ቀን 1970 ዓ.ም. ጅቡቲ ላይ ባለቤቶቿ ራሳቸው ሲያቃጥሏት ገና መንሳፈፍ አላቃታትም ነበር።