ኮርማው ከዳነ በኋላ ያሉት ሁለት ወራት

አንድ ኮርማ ታሞ ሰነበተ እንበል። ትኩሳቱ በረደለት፣ መብላት ጀመረ፣ ባለቤቱም «ተመስገን» ብሎ ከላሞቹ ጋር ቀላቀለው። ላሞቹ ግን አልያዙም፤ ተጠቁ፣ እንደገና ኮርማ ፈለጉ። ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ በላሚቱ ይላከካል፣ አንዳንዴም በመኖው። የኮርማውን ቆለጥ የሚመረምር ጥቂት ነው። ዛሬ የምጽፈው ስለዚሁ ነው።

የምኖረው እስራኤል ውስጥ፣ ሬሆቮት ነው። በአንድ በኩል የዋይዝማን ተቋምና የዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ የግብርና ፋኩልቲ አሉ፤ በሌላ በኩል ደግሞ ጎንደር ላይ ከብት ሲያረቡ የኖሩ አባቶቻችን የሚኖሩበት የቂርያት ሞሼ ሰፈር። ላቦራቶሪ ውስጥ የሚታወቀው ነገር ለከብት አርቢ በራሱ ቋንቋ መድረስ አለበት ብዬ አምናለሁ።

ሳይቶካይን የሚባሉ ጥቃቅን ፕሮቲኖች አሉ። የሰውነት መከላከያ ሴሎች መልእክት የሚለዋወጡት በእነሱ ነው። ጀርም ሲገባ ትኩሳት የሚያስነሱት፣ ነጭ የደም ሴሎችን ወደ ቁስሉ የሚጠሩት እነሱ ናቸው። እዚሁ ዋይዝማን ውስጥ ሚሼል ሬቬል በኢንተርፌሮን ቤታና በኢንተርሉኪን-6 ላይ፣ ዴቪድ ዋላክ ደግሞ ቲኤንኤፍ በተባለው ላይ ለረጅም ዓመታት ሠርተዋል። እ.ኤ.አ. በ1989 የዋላክ ቡድን ቲኤንኤፍን ይዞ ሴሎችን ከጉዳቱ የሚያድን ፕሮቲን ከሰው ሽንት አጣርቶ አወጣ። ያኔ የሚታሰበው ስለ ሰው በሽታ ነበር።

እኔን ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ግን ሌላ ነው፤ እነዚሁ ፕሮቲኖች ምንም በሽታ በሌለበት ጤነኛ ቆለጥ ውስጥም በየቀኑ ሥራ ላይ ናቸው።

የወንዴ ዘር መመረት የሚጀምረው እንስሳው ለአቅመ ርቢ ሲደርስ ነው። የመከላከያ ሥርዓቱ ግን የራሱን አካል ከባዕድ መለየት የተማረው ከዚያ በፊት ነው። ስለዚህ አዲሱን ዘር ቢያገኘው እንደ ጠላት ያጠቃዋል። ይህ እንዳይሆን ሰርቶሊ የሚባሉት ሴሎች ጎን ለጎን ተጣብቀው በደሙና በሚያድገው ዘር መካከል አጥር ይሠራሉ። ችግሩ፣ ገና በማደግ ላይ ያለው የዘር ሴል ከአጥሩ ውጭ ተነስቶ ወደ ውስጥ ማለፍ አለበት። በአይጦች ላይ በተደረጉ ጥናቶች እንደታየው፣ ቲኤንኤፍና ሌላው ሳይቶካይን ቲጂኤፍ-ቤታ 3 አጥሩን ለአፍታ ያላሉታል፤ ቴስቶስቴሮን የተባለው የወንዴ ሆርሞን ደግሞ መልሶ ያጠብቀዋል። ኢንተርሉኪን-1ንም ራሳቸው የሰርቶሊ ሴሎች ያመነጩታል፤ በቤርሼባው ቤን ጉሪዮን ዩኒቨርሲቲ ማሕሙድ ሁለይሕልና ኤይታን ሉነንፌልድ ይህንን በሰፊው አጥንተዋል። ማለፊያ የሚከፈተው በልክና በተራ ነው።

ሕመም ሲመጣ ልኩ ይጠፋል። ቲኤንኤፍና ኢንተርሉኪን-1 ሲበዙ ቴስቶስቴሮን የሚያመርቱት ሴሎች ሥራቸውን ይቀንሳሉ፤ ስለዚህ አጥሩን የሚያላላው በዝቶ የሚያጠብቀው ያንሳል። በዚያ ላይ ትኩሳቱ አለ። የኮርማ ቆለጥ ከቀረው ሰውነቱ በጥቂት ዲግሪ መቀዝቀዝ አለበት፤ ሲሞቅ በማደግ ላይ ያሉት የዘር ሴሎች ይሞታሉ። በግብርና ፋኩልቲው ፅቪ ሮት ሙቀት በከብት ርቢ ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት ሲያጠኑ ኖረዋል፤ የእስራኤልን በጋ ለሚያውቅ ሰው ጉዳዩ ግልጽ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ቁጥር ያዙልኝ። በኮርማ አንድ የዘር ሴል ተፈጥሮ እስኪያልቅ 61 ቀን ገደማ ይፈጃል፤ ከዚያ ከቆለጡ ጋር በተያያዘው ቱቦ ውስጥ ሲበስል ከሳምንት በላይ ይቆያል። ለአውራ በግ 47 ቀን ገደማ ነው። ስለዚህ ዛሬ የተጎዳው ዘር የሚወጣው ኮርማው ድኖ፣ ሕመሙም ከተረሳ በኋላ ነው። ትኩሳት የያዘበትን ቀን መጻፍ፣ ከዚያም ቢያንስ ሁለት ወር ተኩል ቆጥሮ፣ የዘር ፈሳሹን አስመርምሮ ለርቢ መመለስ ይገባል። ለሰው ሠራሽ ማዳቀያ ዘር የሚሰጥ ኮርማ ከሆነ ጥንቃቄው መጥበቅ አለበት፤ ከአንድ ጊዜ ዘሩ በመቶ የሚቆጠሩ ላሞች ይዳቀላሉ።

በኢትዮጵያ ገንዲ የሚባለው በሽታ የኮርማን ቆለጥ እንደሚያደርቅ የታወቀ ነው። ቆዳ ላይ እብጠት የሚያወጣው የከብት ቫይረስም ቆለጥ ያቆስላል። ይህ በሽታ ከአፍሪካ ተነስቶ እ.ኤ.አ. በ1989 እስራኤልም ገብቷል። ሆን ተብሎ በሽታው በተሰጣቸው ኮርማዎች ላይ በተደረገ ሙከራ፣ የቫይረሱ ዘረመል በዘር ፈሳሽ ውስጥ እስከ 159 ቀን ተገኝቷል። ለእንዲህ ያለው ኮርማ ሁለት ወር ተኩልም አይበቃውም።

ብሩሴላ የሚባለው ጀርም የሚያመጣው በሽታ ደግሞ ለብቻው ነው። ቆለጡ በአንድ በኩል ያበጠ አውራ በግ፣ ወጠጤ ወይም ኮርማ ካያችሁ ቀን አትቁጠሩለት። ከመንጋው ለዩትና የደም ምርመራ አስደርጉለት፤ በሽታው ወደ ሰውም ይተላለፋልና በባዶ እጅ አትንኩት፣ የመንጋውንም ወተት ሳታፈሉ አትጠጡ።