ስቶሩ እምቢ ሲል ሰዓቱን እዩ

ማይክሮሶፍት ስቶርን ትከፍታላችሁ፤ የፈለጋችሁትን አፕ ታገኛላችሁ፤ «ጌት» የሚለውን ትጫናላችሁ። ክቧ ትዞራለች፣ ትዞራለች፣ ከዚያ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ይቅርታ ከነረጅም ቁጥሩ ብቅ ይላል። ድሬ ላይ ይህን ያየ ሰው የሚለው የታወቀ ነው፦ «አቦ፣ ኔትወርኩ ነው!»

ኔትወርክን መውቀስ ይቀለናል፤ አንዳንዴም እውነት ነው። ግን ድሬዳዋ በዚህ በኩል እንዲሁ የምትታማ ከተማ አይደለችም። በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ የሙከራ አገልግሎቱን ከሌላው ከተማ ሁሉ ቀድሞ የጀመረው እዚሁ ነው፤ አዲስ አበባ እንኳ የደረሳት ከእኛ በኋላ ነው። (ይህቺን ጉራ ሳልነዛ ማለፍ አልቻልኩም።) ዛሬ ሁለት ሲም ይዞ አንዱ ሲደክምበት ወደ ሌላው የሚዞር ሰው ሞልቷል። በሁለቱም ሞክራችሁ፣ ዩቲዩብ በደንብ እየተከፈተ፣ ስቶሩ ብቻ እምቢ ካለ ጥፋቱን ሌላ ቦታ መፈለግ ነው።

ፍለጋውን ከስክሪኑ ታችኛው ቀኝ ጥግ፣ ከሰዓቱና ከቀኑ ጀምሩ። የማይመስል ምክር መሆኑን አውቃለሁ፤ ሰዓት ከማውረድ ጋር ምን አገናኘው?

ነገሩ እንዲህ ነው። ስቶሩ አንዲት ፋይል ከማውረዱ በፊት ከማይክሮሶፍት ሰርቨር ጋር በምስጢር የሚነጋገርበትን መንገድ ይከፍታል። ሰርቨሩ «እኔ ነኝ» ለማለት ሰርተፍኬት ያቀርባል፤ ሰርተፍኬቱ ደግሞ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ይሠራል ተብሎ የተሰጠ ነው። ኮምፒውተራችሁ እንደ በር ጠባቂ ነው፦ መግቢያ ወረቀቱን ተቀብሎ ቀኑን ከራሱ ሰዓት ጋር ያስተያያል። ቀኑ ያለፈበትን ይመልሳል፤ ቀኑ ገና ያልደረሰውንም ይመልሳል። ከ2020 እ.ኤ.አ. መስከረም ጀምሮ አሳሾች የሚቀበሉት የድረ ገጽ ሰርተፍኬት ዕድሜ ከ398 ቀን እንዳይበልጥ ተወስኗል፤ አሁን ደግሞ ከዚያም እያጠረ ነው። ስለዚህ የኮምፒውተሩ ቀን ጥቂት ወራት እንኳ ቢዛባ በር ጠባቂው ደህናውን እንግዳ ማባረር ይጀምራል።

አሁን ወደ እኛ ጉዳይ። ከመላው ዓለም የተለየ ዘመን የምንቆጥር ሰዎች ነን። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ከፈረንጆቹ በ7 ዓመት፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን በ8 ዓመት ወደ ኋላ ነን። ቤት ውስጥ አንድ ሰው፣ ብዙ ጊዜ አባት ወይም ታላቅ ወንድም፣ «ይሄ ኮምፒውተር ዓመተ ምሕረቱን ተሳስቷል» ብሎ በቅንነት 2017 ብሎ ይሞላዋል። ለኮምፒውተሩ ግን ያ የፈረንጅ 2017 ነው። ዛሬ የተሰጠ ሰርተፍኬት ሁሉ ለእሱ ከዓመታት በኋላ የሚጀምር የወደፊት ወረቀት ይሆንበታል። ስቶሩ አይከፈትም፤ ክሮምም «ሰዓትህ ወደ ኋላ ቀርቷል» እያለ ገጽ አልከፍትም ይላል። ክሮም ቢያንስ ምክንያቱን ይናገራል። ስቶሩ ቁጥር ወርውሮ ዝም ነው የሚለው፤ ይሄ ጠባዩ ነው የሚያናድደኝ።

የሰዓት አቆጣጠራችንም የራሱ ጣጣ አለው። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ስክሪኑ 9፡00 ሲል አይቶ ወደ 3፡00 የሚመልሰው ሰው አለ። የስድስት ሰዓት ልዩነት ብዙውን ጊዜ ሰርተፍኬቱን አያፈርስም፤ በአካውንት መግባትን ግን ሊያበላሽ ይችላል። ሌላው ደግሞ ሰዓቱን ትክክል አድርጎ የሰዓት ቀጠናውን አሜሪካ ላይ ይተወዋል። ይሄ ስውር ነው፤ ጥጉ ላይ የሚታየው ሰዓት ልክ ይመስላል፣ ኮምፒውተሩ ውስጥ ውስጡን ግን ዓለም አቀፉን ሰዓት በብዙ ሰዓት አዛብቶ ነው የሚያስበው። ቀጠናውን ለማስተካከል ስትገቡ አዲስ አበባን ከዝርዝሩ አትፈልጉ፤ የለችም። ናይሮቢ የሚለውን፣ ሦስት ሰዓት ወደፊት የሆነውን ምረጡ፤ የእኛ ሰዓት እሱ ነው።

ማንም ሳይነካው ሰዓቱ ራሱ የሚጠፋበት ቤትም አለ። ገንደ ቆሬ ሰፈር አንድ ቤት የነበረ አሮጌ ዴስክቶፕ ላይ ያየሁት ይህንኑ ነበር። መብራት በጠፋ ቁጥር ኮምፒውተሩ ሲበራ መጀመሪያ ጥቁር ስክሪን ላይ ቀንና ሰዓት አልተሞላም ይላል፤ ኤፍ 1ን ሲጫኑለት ይገባል፤ ጥጉ ላይ የሚታየው ቀን ግን ከብዙ ዓመት በፊት የነበረ የጥር አንድ ቀን ነው። ልጆቹ ዘወትር ኤፍ 1ን እየተጫኑ አልፈውታል፤ ስቶሩ ከዚህ ጋር ይያያዛል ብሎ የጠረጠረ የለም። ክዳኑ ሲከፈት ማዘርቦርዱ ላይ ሳንቲም የምታህል ባትሪ አለች፤ ጀርባዋ ላይ ሲአር 2032 ይላል፣ 3 ቮልት ናት። ኮምፒውተሩ ከመብራት ሲነቀል ሰዓቱን የምትጠብቀው እሷ ናት። አለቀች ማለት መብራት በጠፋ ቁጥር ኮምፒውተሩ ዘመኑን ይረሳል። ሙቀት የባትሪን ዕድሜ ያሳጥራል፤ የድሬን ሙቀት ለእናንተ አልነግርም። ባትሪዋን የእጅ ሰዓት ከሚጠግኑ ጀምሮ ኤሌክትሮኒክስ የሚሸጡ ሁሉ ያውቋታል። መክፈቻውን ከመያዛችሁ በፊት ግን ገመዱን ከሶኬት ንቀሉ።

ሰዓቱን ስታስተካክሉ አንድ ነገር ልብ በሉ። ሴቲንግስ ውስጥ «ዴት ኤንድ ታይም» ግቡና ሰዓቱ ራሱን እንዲያስተካክል አድርጉ፤ «ሲንክ ናው» የሚል ቁልፍም አለ። ልዩነቱ ዓመታት ከሆነ ግን ዊንዶውስ ራሱ ይጠራጠራል፤ በጣም የራቀን ሰዓት ባንድ ጊዜ መዝለል ላይፈቅድ ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ ቀኑን በፈረንጅ አቆጣጠር በእጃችሁ አስተካክሉ፣ ቀጥሎ ሲንክ አድርጉ፣ ኮምፒውተሩን ዝጉና ክፈቱ። ብዙ ቤት ጨዋታው እዚህ ላይ ያልቃል።

ካላለቀ ቁጥሩን እናንብበው። እኔ ከዚህ የበለጠ የምወደው ክፍል የለም! የስሕተት ቁጥሮቹ የዘፈቀደ ይመስላሉ እንጂ አይደሉም። በ8007 የሚጀምር ከሆነ ዋናው ነገር ያለው በመጨረሻዎቹ አራት ምልክቶች ነው፤ እነሱ በአሥራ ስድስት ቤት የተጻፈ የተለመደ የዊንዶውስ ስሕተት ቁጥር ናቸው። 80070070ን ውሰዱ፦ 0070 ወደ ተራ ቁጥር ሲመለስ 112 ነው፤ 112 ማለት ዲስኩ ሞልቷል ማለት ነው። ሌላ ምርመራ አያስፈልግም፤ ዴስክቶፑ ላይ የተከመሩትን ፊልሞች ወደ ሌላ ድራይቭ አንሱ። (ዴስክቶፕ ላይ ያለ ሁሉ ሲ ድራይቭን እንደሚበላ ብዙ ሰው አይገነዘብም።) 80072ኤፍ05 ከመጣ ደግሞ 12037 ነው፤ የሰርተፍኬት ቀን ልክ አይደለም ማለት ነው፣ ወደ ሰዓቱ ተመለሱ። 80072ኤፍ8ኤፍም የዚሁ ዘመድ ነው። 80072ኢኢ2 መልስ ስጠብቅ ጊዜው አለቀ፣ 80072ኢኢ7 የሰርቨሩን አድራሻ የሚነግረኝ አጣሁ፣ 80072ኢኤፍዲ መገናኘት አልቻልኩም እንደ ማለት ናቸው። እዚህ ላይ ነው ኔትወርኩን መውቀስ የሚፈቀደው።

ኔትወርክ ከሆነም ከማማረር በፊት የምታዩት አለ። የገዛችሁት ጥቅል ምንድን ነው? የማኅበራዊ ሚዲያ ጥቅል ብቻ ከሆነ ቴሌግራሙ እየተንጫጫ ስቶሩ ዝም ቢል አይገርምም፤ ጥቅሉ ስቶርን አያውቀውም። ቪፒኤንስ? በ2015 ዓ.ም. ከየካቲት እስከ ሐምሌ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ዩቲዩብና ቲክቶክ ተገድበው በነበሩበት ጊዜ ያልጫነ ሰው ጥቂት ነው። አንዳንዱ ቪፒኤን ሲጠፋም ሆነ ሲነሳ የፕሮክሲ ቅንብሩን እንዳለ ትቶት ይሄዳል፤ ኮምፒውተሩም የሌለ አማላጅ ፍለጋ ይባዝናል። ሴቲንግስ ውስጥ «ፕሮክሲ» ብላችሁ ፈልጉና እናንተ ያላስገባችሁት አድራሻ ካለ አጥፉት። ለ80072ኢኢ7 ደግሞ አድራሻ ነጋሪውን፣ ዲኤንኤሱን፣ ወደ 8.8.8.8 ወይም 1.1.1.1 መቀየር ብዙ ጊዜ ይበቃል።

በሆትስፖት የምትጠቀሙ ከሆነ ዳታ ለመቆጠብ «ሜተርድ ኮኔክሽን» የሚለውን አብርታችሁ ይሆናል። ጎበዞች ናችሁ፤ ግን እሱ በበራ ጊዜ ስቶሩ አፖችን በራሱ አያድስም፣ ወረፋ ላይ ተቀምጠው ይጠብቃሉ። ያ ብልሽት አይደለም። ቤት ውስጥ ሁለት ኮምፒውተር ካለ ደግሞ «ዴሊቨሪ ኦፕቲማይዜሽን» የሚባለው ቅንብር ውስጥ በአካባቢ ኔትወርክ ላይ ላሉ ኮምፒውተሮች ብቻ የሚለውን ምረጡ፤ አንዱ ያወረደውን ሌላው ከእሱ ሊቀዳ ይችላል፣ ጥቅላችሁም ይተርፋል። በኢንተርኔት ላይ ላሉት ሁሉ የሚለውን ግን አትንኩ፤ የማታውቁት አገር ላለ ሰው የእናንተን ዳታ ማካፈል ነው።

ይህ ሁሉ አልፎ አሁንም እምቢ ካለ የስቶሩን ጊዜያዊ ማከማቻ እናጽዳ። የዊንዶውስን ቁልፍ ከአር ጋር ተጫኑ፤ በምትመጣው ትንሽ ሳጥን ደብሊው፣ ኤስ ብላችሁ ሪሴት የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል አስከትላችሁ አንድ ላይ ጻፉና ኢንተር በሉ። ባዶ ጥቁር መስኮት ይከፈታል፤ ምንም አይጽፍም፣ የተበላሸ ይመስላል፤ አትዝጉት። ሲጨርስ ራሱ ይዘጋና ስቶሩን ይከፍታል። ካልሆነ ሴቲንግስ ውስጥ ከአፖች ዝርዝር ማይክሮሶፍት ስቶርን ፈልጋችሁ «አድቫንስድ ኦፕሽንስ» ግቡ፤ መጀመሪያ «ሪፔር»፣ እሱ ካልሠራ «ሪሴት»።

አንድ ቁጥር ቀርታኛለች፤ እኛ አገር የራሷ ታሪክ ስላላት ለመጨረሻ ያቆየኋት ናት፦ 80070422። 0422 ማለት 1058 ነው፤ የሚያስፈልገው አገልግሎት እንዲጠፋ ተደርጓል ማለት ነው። ማን አጠፋው? ብዙውን ጊዜ ኮምፒውተሩን ፎርማት ያደረገው ባለሙያ፣ «ዳታ እንዳይበላባችሁ» ብሎ። አፕዴትን ሲዘጋ ስቶሩም አብሮ ይታሰራል፣ ምክንያቱም ሁለቱ የሚያወርዱት በአንድ መንገድ ነው። ፍለጋው ላይ «ሰርቪስስ» ብላችሁ ክፈቱ፣ ወደ ታች ወርዳችሁ «ዊንዶውስ አፕዴት» የሚለውን ሁለቴ ጠቅ አድርጉ፣ «ዲሴብልድ» የሚለውን ወደ «ማኑዋል» ቀይራችሁ «አፕላይ»፣ ከዚያ «ስታርት» በሉት። በሚቀጥለው ፎርማት ስታስደርጉ ደግሞ ብሩን ከመክፈላችሁ በፊት እዚያው ቆማችሁ ስቶሩን አስከፍቱና አንዲት ትንሽ አፕ አስወርዱ።