የሕፃናት ደም ስለ ቲቢ የሚናገረውና የማይናገረው

አንድ ሕፃን የቲቢ ባክቴሪያ በሰውነቱ ውስጥ ገብቶበት እንደሆነ በምን ይታወቃል የሚለው ጥያቄ፣ ባክቴሪያው ራሱ ከታወቀ ከመቶ አርባ ዓመት በኋላም ቁርጥ ያለ መልስ አላገኘም። ጀርመናዊው ሐኪም ሮበርት ኮክ የሳንባ ነቀርሳን የሚያመጣውን ባክቴሪያ ማግኘቱን በርሊን ላይ ያስታወቀው እ.ኤ.አ. ማርች 24 ቀን 1882 ሲሆን (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)፣ ከዚያ ወዲህ የአዋቂ ሕመምተኛ ምርመራ መሠረት ሆኖ የኖረው አክታን በአጉሊ መነጽር ማየት ነበር። ይህ መንገድ ለሕፃናት ብዙም አይበጅም። ትንሽ ልጅ በሳል ያወጣውን አክታ መልሶ ይውጠዋል፤ ናሙናው ቢገኝ እንኳ በውስጡ ያለው የባክቴሪያ ቁጥር ከአዋቂው እጅግ ያነሰ በመሆኑ በአጉሊ መነጽር ላይታይ ይችላል። በዚህ ምክንያት የሕፃናት ሐኪሞች ባክቴሪያውን ራሱን ከመፈለግ ጎን ለጎን፣ ሰውነት ከባክቴሪያው ጋር ከተገናኘ በኋላ የሚይዘውን ትዝታ ማንበብ ግድ ሆነባቸው። የደም ምርመራውም ሆነ ከእርሱ በፊት የነበረው የቆዳ ምርመራ የሚያነቡት ይህንኑ ትዝታ ነው።

ነገሩን ለመረዳት በባክቴሪያው መያዝና በቲቢ መታመም የተለያዩ መሆናቸውን አስቀድሞ መለየት ያስፈልጋል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው ከዓለም ሕዝብ አንድ አራተኛ ያህሉ በሆነ የዕድሜ ዘመኑ በባክቴሪያው ተይዟል፤ ከእነዚህ አብዛኞቹ ግን ባክቴሪያው በሰውነታቸው የመከላከል አቅም ታፍኖ ስለሚቆይ ሳያስላቸው፣ ሳያከሳቸው፣ ወደ ሌላ ሰው ሳያስተላልፉ ይኖራሉ፤ ባለሙያዎች ይህን ሁኔታ ድብቅ ቲቢ ይሉታል። በጨቅላ ሕፃናት ላይ ግን ይህ መታፈን አስተማማኝ አይደለም። የቲቢ መድኃኒት ባልነበረበት ዘመን ከተደረጉ ክትትሎች እንደሚታወቀው፣ ገና አንድ ዓመት ሳይሞላቸው ከተያዙ ሕፃናት ግማሽ የሚሆኑት ታመዋል፤ ከመቶ ከ10 እስከ 20 የሚሆኑት ደግሞ በሽታው ወደ አንጎል ሽፋን ዘልቆ የማጅራት ገትር ቲቢ አሊያም በደም አማካይነት በመላ ሰውነት የተሰራጨ ቲቢ ይዟቸዋል። ከ5 እስከ 10 ዓመት ባለው ዕድሜ የመታመም ዕድሉ ወደ 2 በመቶ ገደማ ወርዶ በጉርምስና ጊዜ እንደገና ይነሣል። ስለዚህ ሕፃን ሲያዝ ጊዜ የለም፤ ከመያዝ እስከ መታመም ያለው ርቀት በወራት የሚቆጠር ሊሆን ይችላል። በዓለም ላይ በየዓመቱ ከ1 ሚሊዮን በላይ የሚሆኑ ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች በቲቢ ይታመማሉ፤ ከሚሞቱትም እጅግ አብዛኞቹ በሽታው ሳይታወቅላቸውና ሕክምና ሳይጀመርላቸው የሚቀሩት ናቸው።

የመጀመሪያው መሣሪያ የቆዳ ምርመራ ነበር። ኮክ በ1890 ቱበርኩሊን የተባለውን ከባክቴሪያው የተዘጋጀ ፈሳሽ መድኃኒት ነው ብሎ አቅርቦ ነበር፤ ፈሳሹ ሕመምተኞችን አላዳነም፣ ነገር ግን ቀደም ሲል በባክቴሪያው የተያዘ ሰው ቆዳ ለፈሳሹ የተለየ ምላሽ እንደሚሰጥ ተስተዋለ። የቪየናው የሕፃናት ሐኪም ክሌመንስ ፎን ፒርኬ በ1907 ይህን ምላሽ የልጆች መመርመሪያ አደረገው፤ በማግስቱ ዓመት ፈረንሳዊው ሻርል ማንቱ ፈሳሹን በቀጭን መርፌ በቆዳ ንጣፎች መካከል መስጠት ጀመረ፤ ዛሬም በክንድ ላይ የሚሰጠው ምርመራ በእርሱ ስም ይጠራል። መርፌው በተወጋ ከ48 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ባለሙያው ክንዱን እየዳሰሰ የጠነከረውን እብጠት ስፋት በሚሊሜትር ይለካል፤ ቅላቱ አይቆጠርም። በአብዛኞቹ ልጆች 10 ሚሊሜትርና ከዚያ በላይ፣ ኤች አይ ቪ በደማቸው ባለባቸው ወይም ክፉኛ በምግብ እጥረት በተጎዱ ልጆች ደግሞ 5 ሚሊሜትርና ከዚያ በላይ የሆነ እብጠት በባክቴሪያው መያዝን ያመለክታል። ቀላል ይመስላል፤ ሆኖም ልጇን አዝላ ከገጠር ቀበሌ ወደ ጤና ጣቢያ የመጣች እናት በሦስተኛው ቀን ያንኑ መንገድ ደግማ መምጣት አለባት፤ ካልመጣች ምርመራው እንዳልተደረገ ይቆጠራል።

ከዚህ የባሰው ችግር ክትባቱ ነው። በ1921 ለመጀመሪያ ጊዜ ፈረንሳይ ውስጥ ለአንድ ሕፃን የተሰጠው ቢሲጂ፣ ከከብት ቲቢ ባክቴሪያ ተዳክሞ የተሠራ ክትባት ሲሆን ሕፃናትን በተለይ ከማጅራት ገትር ቲቢና በሰውነት ከሚሰራጨው ቲቢ ይጠብቃል፤ በኢትዮጵያም በ1980 የተጀመረው የክትባት መርሐ ግብር አካል ነው፣ ልጅ እንደተወለደ ይሰጣል። ቱበርኩሊን ግን የተለያዩ ፕሮቲኖች ድብልቅ በመሆኑ፣ በቢሲጂ ምክንያት የተቀሰቀሰውን ትዝታና በእውነተኛው ባክቴሪያ የተቀሰቀሰውን ለይቶ ማወቅ አይችልም። የተከተበ ልጅ ክንድ ሲያብጥ፣ ያበጠው በክትባቱ ይሁን ጎረቤት በሚያስሉት አዛውንት ምክንያት ሐኪሙ እርግጠኛ የሚሆንበት መንገድ አልነበረውም።

የደም ምርመራው የተነሣው ከዚህ ጥርጣሬ ነው፤ መነሻው ደግሞ ከሰው ሕክምና ውጭ፣ ከከብት በረት ነው። በ1980ዎቹ መጨረሻ የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች የላሞችን ቲቢ ለመለየት፣ ደማቸውን ከቱበርኩሊን ጋር አዋህደው ነጭ የደም ሕዋሳቱ ኢንተርፌሮን ጋማ የተባለውን ንጥረ ነገር መልቀቃቸውን መለካት ጀመሩ። ኢንተርፌሮን ጋማ የመከላከያ ሕዋሳት የሚያውቁትን ጠላት ዳግም ሲያገኙ የሚያሰሙት የማንቂያ ደወል ነው ማለት ይቻላል። ከዚያም ከባክቴሪያው የዘር መረጃ ውስጥ በቢሲጂ የጎደለ ክፍል እንዳለ ተደረሰበት፤ ይህ ክፍል ኢኤስኤቲ-6 እና ሲኤፍፒ-10 የተባሉ ሁለት ፕሮቲኖችን ያሠራል። ቱበርኩሊኑ ቀርቶ በምትኩ እነዚህ ሁለቱ ሲገቡ፣ ምርመራው ክትባቱን ከበሽታው ባክቴሪያ መለየት ቻለ። ዛሬ በስፋት የሚታወቁት ዓይነቶች ኳንቲፌሮን እና ቲ-ስፖት ናቸው።

የኳንቲፌሮን አሠራር ቀርቦ ሲታይ ለምን በየጤና ጣቢያው እንደማይገኝ ይገባል። ከልጁ ክንድ ደም ተቀድቶ በአራት ጠባብ ቱቦዎች ውስጥ ይደረጋል፤ በእያንዳንዱ አንድ ሚሊ ሊትር ብቻ። ግራጫ ክዳን ያለው ባዶ ማነጻጸሪያ ነው፤ አረንጓዴና ቢጫ ክዳን ያላቸው የቲቢ ፕሮቲኖቹ በግድግዳቸው ላይ የደረቁባቸው ናቸው፤ ወይን ጠጁ ደግሞ የትኛውንም ጤነኛ ሕዋስ የሚቀሰቅስ ንጥረ ነገር ያለበት ሲሆን የልጁ ሕዋሳት ምላሽ የመስጠት አቅም እንዳላቸው ያረጋግጣል። ቱቦዎቹ ደሙ ግድግዳውን በሙሉ እስኪነካ ድረስ ይነቀነቃሉ፤ በኃይል ቢነቀነቁ ውጤቱ ይበላሻል፣ በቂ ሳይነቀነቁ ቢቀሩም እንዲሁ። ከዚያ በ37 ዲግሪ ሙቀት ከ16 እስከ 24 ሰዓት ይቆያሉ። መብራት ቢጠፋ ወይም መኪናው ቢዘገይ የትንሽ ልጅ ደም በከንቱ ፈሰሰ ማለት ነው።

ውጤቱ አዎንታዊ ከሆነ ልጁ ከባክቴሪያው ጋር መገናኘቱን ይናገራል። መታመም አለመታመሙን አይናገርም፤ መቼ እንደተያዘም፣ ቀደም ሲል ታክሞ ድኖ እንደሆነም አይናገርም። አሉታዊ ከሆነም ሙሉ ዕረፍት አይሰጥም፤ ልጁ ከተያዘ በኋላ ምላሹ በደሙ እስኪታይ ድረስ ከሁለት እስከ አሥር ሳምንት ሊወስድ ይችላል፣ በጠና የታመመ ወይም በምግብ እጥረት የተዳከመ ልጅ ደግሞ ታሞም ሳለ ምላሽ ላይሰጥ ይችላል። ሦስተኛ ዓይነት ውጤትም አለ፤ በወይን ጠጁ ቱቦ ውስጥ እንኳ ሕዋሳቱ ዝም ካሉ ላቦራቶሪው ውጤቱን መበየን አልተቻለም ብሎ ይመልሳል፤ ይህ በጨቅላ ሕፃናት፣ የመከላከል አቅማቸው ገና ባልጠነከረው ላይ ይበረታል። መመሪያዎች ለዓመታት ይህን ምርመራ ከአምስት፣ ኋላም ከሁለት ዓመት በላይ ላሉ ልጆች ሲመርጡት የኖሩት ለዚህ ነው። በሌላ አነጋገር ምርመራው ይበልጥ የሚደክመው ቲቢ ይበልጥ በሚያጠቃቸው ልጆች ላይ ነው፤ ይህ ሐቅ በማስታወቂያ ላይ አይጻፍም፣ ወላጆች ግን ሊያውቁት የሚገባ ነው።

እዚህ ላይ ከዚህ ምርመራ ጋር የሚምታታ ሌላ የደም ምርመራ መነሣት አለበት። በደም ውስጥ ፀረ እንግዳ አካላትን በመፈለግ ቲቢን እናገኛለን የሚሉ ፈጣን ምርመራዎች በብዙ አገሮች በግል ክሊኒኮች ሲሸጡ ቆይተዋል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2011 እነዚህ ምርመራዎች ጤነኛውን ታማሚ፣ ታማሚውን ጤነኛ እያሰኙ ጉዳት የሚያደርሱ በመሆናቸው ጨርሶ ጥቅም ላይ እንዳይውሉ አሳሰበ፤ ሕንድም በቀጣዩ ዓመት አገደቻቸው። ስማቸው ተቀራራቢ ቢሆንም ከኢንተርፌሮን ጋማ ምርመራ ጋር አንድ አይደሉም።

ብዙ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች የኢንተርፌሮን ጋማውን ምርመራ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰሙት ወደ አሜሪካ ለመሄድ የሕክምና ምርመራ ሲያደርጉ ነው። ከ2018 ጀምሮ ቲቢ በብዛት ከሚገኝባቸው አገሮች ለሚሄዱ ከ2 እስከ 14 ዓመት ለሆኑ ልጆች የቆዳው ምርመራ ቀርቶ የደሙ ተተክቷል። የልጁ ውጤት አዎንታዊ መሆኑ ሲነገር ቤተሰብ ይደነግጣል፣ ጉዞው የቀረ ይመስለዋል። የሚከተለው ግን የደረት ራጅ ነው፤ ራጁ ንጹሕ ከሆነና ልጁ የበሽታ ምልክት ከሌለው ድብቅ ቲቢ እንዳለበት ተመዝግቦ ይጓዛል፣ እዚያ ከደረሰ በኋላም የመከላከያ ሕክምና እንዲጀምር ይመከራል።

በአገር ቤት ያለው ጥያቄ ከዚህ ይሰፋል። ኢትዮጵያ ዛሬም ቲቢ ከሚከብድባቸው 30 አገሮች አንዷ ስትሆን፣ የደም ምርመራው ከምርምር ተቋማትና ከጥቂት ላቦራቶሪዎች አልፎ ወደ ጤና ጣቢያ አልወረደም። እስኪወርድ መጠበቅ ግን አያስፈልግም፤ ይህ ጽሑፍ አጥብቆ ሊያሳስብ የሚፈልገውም ይህንኑ ነው። በዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ መሠረት ከቲቢ ታማሚ ጋር በአንድ ቤት የሚኖር ከአምስት ዓመት በታች የሆነ ልጅ፣ በሽታው እንደሌለበት በሐኪም ከተረጋገጠ፣ የቆዳም ሆነ የደም ምርመራ ሳይደረግለት የመከላከያ መድኃኒት ሊጀመርለት ይገባል። የቀድሞው ስድስት ወር ይፈጅ ነበር፤ አሁን በየቀኑ ለሦስት ወር ወይም በሳምንት አንድ ጊዜ ለአሥራ ሁለት ሳምንት የሚወሰዱ አማራጮች አሉ። ልጁ ታሞ ከተጠረጠረም በሽታውን የሚፈልገው ሌላ መሣሪያ ነው፦ ልጅ የሚውጠው አክታ መጨረሻው ሰገራ ስለሆነ፣ ከትንሽ ሰገራ የባክቴሪያውን የዘር መረጃ ጂን ኤክስፐርት በተባለው መሣሪያ መፈለግ ይቻላል፤ ዘዴው ከተሞከረባቸውና ሥር ከሰደደባቸው አገሮች መካከል ኢትዮጵያ ትገኛለች።

በ2022 የዓለም ጤና ድርጅት እነዚያኑ ሁለት ፕሮቲኖች የያዙ አዳዲስ የቆዳ ምርመራዎችን ተቀብሏል፤ በቢሲጂ አይታለሉም፣ ላቦራቶሪም አይጠይቁም፣ ውጤቱን ለማስነበብ የሚደረገው ሁለተኛ ጉዞ ግን አልቀረላቸውም። ከአምስት ዓመት በላይ ላሉ ልጆች እነዚህ ቢመጡ ትልቅ ጥቅም ይኖራቸዋል።

እስከዚያው በቤቱ በቲቢ የታመመ ሰው ያለ ወላጅ፣ ልጁ ቢጫወትና ቢበላም እንኳ፣ ዛሬውኑ ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰደው፤ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም በቤቱ ያሉትን ልጆች ቁጥርና ዕድሜ ይንገራት። የመከላከያ መድኃኒቱ በመንግሥት ጤና ተቋም በነጻ ይሰጣል።