የሞተር መፍላትና የማቀዝቀዣ ማሻሻያ አመራረጥ

ሀ. የጥያቄው መነሻ

ከአዲስ አበባ ወደ ጎጃም በሚወስደው መንገድ ደጋግሞ የተጓዘ ሰው፣ ከዓባይ ድልድይ ወዲያና ወዲህ ባለው ዳገት ኮፈናቸውን ከፍተው እንፋሎት የሚተፉ መኪኖችን ሳያይ አልቀረም። ከእነዚህ አንዷ የአጎቴ ሚኒባስ ነበረች። አጎቴ ከዚህችው መኪና በሚያገኙት ገቢ ቤተ ሰባቸውን የሚያስተዳድሩ፣ ለእኔም ትምህርት የረዱኝ ሰው ናቸው። መኪናይቱ ዳገቱን በወጣች ቁጥር መፍላት ስለ ጀመረች በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ ገንዘብ አወጡ። መጀመሪያ በአንድ ጋራዥ ምክር ቴርሞስታቱ ወጥቶ ተጣለ። ቀጥሎ ከፍ ያለ ግፊት የሚችል የራዲያተር ክዳን ተገዛ። በመጨረሻም «ራዲያተሩ አንሷታል» ተብሎ በሌላ ወፍራም ራዲያተር ተለወጠ። መኪናይቱ ግን መፍላቷን አልተወችም፤ እንዲያውም ከሦስተኛው ወጪ በኋላ ቴስታታዋ ተጣሞ አንድ ወር ያህል ያለ ሥራ ቆመች።

ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሣሣኝ ይኸው ነገር ነው። ጥያቄው የአጎቴ ብቻ አይደለም። በአውሮፓና በአሜሪካ የመኪና ባለቤቶች ዋጋ ከፍለው በገዛ መኪናቸው በውድድር ሜዳ በፍጥነት የሚነዱባቸው ቀኖች አሉ፤ በእነዚያም ቀኖች ብዙ መኪኖች ከጥቂት ዙር በኋላ ይፈላሉ፤ ባለቤቶቻቸውም ልክ እንደ አጎቴ የትኛውን ማሻሻያ እንደሚገዙ ይቸገራሉ። ሁለቱን አንድ ላይ ብንመለከት ትምህርቱ ይበልጥ ይገለጥልናል። ለማስረዳት የምፈልገው አሳብ አንድ ነው፤ ይኸውም እያንዳንዱ ማሻሻያ የሚፈውሰው አንድን ጉድለት ብቻ ስለ ሆነ፣ ከመግዛት በፊት ሙቀቱ በየት በኩል መውጫ እንዳጣ መለየት ያስፈልጋል የሚል ነው።

ለ. ሙቀቱ የሚሄድበት መንገድ

በሞተር ውስጥ ከሚቃጠለው ነዳጅ ኃይል በግምት አንድ ሦስተኛው ጎማውን ለማሽከርከር ይውላል፤ አንድ ሦስተኛው ከጭሱ ጋር ይወጣል፤ የቀረው አንድ ሦስተኛ በአብዛኛው በማቀዝቀዣው ውሃ በኩል መወገድ አለበት። እንግዲህ በደፈናው ሲታሰብ ሞተሩ ለጎማው የሚሰጠውን ኃይል ያህል ሙቀት በራዲያተሩ በኩል ይወጣል ማለት ነው።

ይህ ሙቀት አራት በሮችን ያልፋል። ከሞተሩ ብረት ወደ ውሃው ይገባል፤ ውሃው በፓምፕ ተገፍቶ ወደ ራዲያተሩ ይወስደዋል፤ ከውሃው ወደ ራዲያተሩ ቱቦዎችና ስስ ክንፎች ይተላለፋል፤ ከክንፎቹም አየሩ ይቀበለዋል። ከአራቱ በሮች አንዱ ከጠበበ የቀሩትን ማስፋት ጥቅሙ ጥቂት ነው። በጠባብ አንገት በኩል ከእንስራ ውሃ የሚቀዳ ሰው የእንስራውን ሆድ ቢያሰፋው ውሃው ፈጥኖ እንደማይወርድለት ያለ ነው።

ሐ. ዳገቱና የውድድር ሜዳው

የዓባይ ሸለቆ ወለል በድልድዩ አጠገብ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,000 ሜትር ግድም ሲሆን፣ በሁለቱ አፋፎች ያሉት ጎሐ ጽዮንና ደጀን ወደ 2,500 ሜትር ይጠጋሉ። 2,500 ኪሎ ግራም የምትመዝን ሚኒባስ 1,400 ሜትር ሽቅብ ስትወጣ ክብደቷን ለማንሣት ብቻ 34 ሚሊዮን ጁል ያህል ሥራ ትሠራለች። የ20 ኪሎ ሜትሩን ዳገት በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር እየሄደች በ40 ደቂቃ ብትጨርሰው፣ ይህ ወደ 14 ኪሎ ዋት ይሆናል። የጎማውና የማርሹ ሰበቃ ሲጨመርበት 20 ኪሎ ዋት ይደርሳል ብንል ብዙ አንሳሳትም። ስለዚህ ራዲያተሩም ለ40 ደቂቃ ያለ ዕረፍት የዚያኑ ያህል ሙቀት ማስወገድ አለበት።

ቁጥሩ ከሞተሩ ሙሉ ኃይል ጋር ሲተያይ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን መኪናይቱ የምትሄደው በዝግታ ነው፤ በሸለቆው ውስጥ ያለው አየር ሞቃት ነው፤ ነፋሱም ከኋላ የመጣ እንደ ሆነ በራዲያተሩ ፊት የሚያልፈው አየር ፈጽሞ ይቀንሳል። በዚህ ጊዜ አየሩን የሚስበው ማራገቢያው ብቻ ነው።

በውድድር ሜዳ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። በጀርመን አገር ያለውን 20.8 ኪሎ ሜትር የሚረዝመውን የኑርቡርግሪንግ ሰሜናዊ ዙሪያ በፍጥነት የሚዞር ኃይለኛ መኪና፣ በውሃው በኩል ማስወገድ የሚገባው ሙቀት ከአጎቴ ሚኒባስ ብዙ እጥፍ ይሆናል። አየር ግን በነጻ ያገኛል፤ በዚያ ፍጥነት ማራገቢያው የሚጨምረው ነገር ከቁም ነገር አይቆጠርም። እዚያ የሚጠበው በር የራዲያተሩ ስፋት፣ የአየሩ መግቢያና መውጫ፣ ወይም የሞተሩ ዘይት ሙቀት ነው። ስለዚህ ለአንዱ መድኃኒት የሆነው ለሌላው ከንቱ ወጪ ሊሆን ይችላል።

መ. የከፍታ ነገር

በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለን አስተማሪያችን ውሃ አፍልተው ቴርሞሜትር ቢከቱበት 100 ዲግሪ ሳይደርስ ሲንተከተክ አይተን ተገርመን ነበር። ውሃ በባሕር ወለል በ100 ዲግሪ ሳንቲግራድ ሲፈላ፣ በአዲስ አበባ ከፍታ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ግድም ነው። በዓባይ ድልድይ ወደ 96 ወይም 97 ዲግሪ ይሆናል። መኪናይቱ ሽቅብ በወጣች መጠን ሞተሯ ይግላል፤ ውሃው የሚፈላበት ዲግሪ ደግሞ ወደ ታች ይወርዳል። ሁለቱ የሚገናኙት አፋፉ አጠገብ ነው።

የራዲያተሩ ክዳን ጥቅም የሚታወቀው እዚህ ላይ ነው። ክዳኑ በውስጡ ባለው ሞላ አማካይነት ግፊት ይይዛል፤ ግፊት የተያዘበት ውሃ ደግሞ ቶሎ አይፈላም። 0.9 ባር የሚይዝ ክዳን በባሕር ወለል የንጹሕ ውሃን መፍያ ወደ 118 ዲግሪ ከፍ ያደርገዋል። ነገር ግን ክዳኑ ግፊቱን የሚጨምረው በዙሪያው ባለው አየር ግፊት ላይ ስለ ሆነ፣ በአዲስ አበባ ያው ክዳን የሚያደርሰው ወደ 114 ዲግሪ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ነገር የአየሩ መሳሳት ነው። በ2,400 ሜትር ላይ አንድ ሜትር ኩብ አየር የሚመዝነው በባሕር ወለል ካለው በአምስት አንድ ያህል አንሶ ነው፤ ስለዚህ የሚሸከመው ሙቀትም ያንሳል። በሜክሲኮ ከተማ ያለው የሮድሪጌዝ ወንድማማቾች የውድድር ሜዳ ከፍታው ከ2,200 ሜትር በላይ በመሆኑ የፎርሙላ 1 ቡድኖች ወደዚያ ሲሄዱ የመኪኖቻቸውን የአየር ቀዳዳዎች ከሌላው ጊዜ አስፍተው ይከፍታሉ። ተራ ሞተር በስስ አየር ኃይሉም ስለሚቀንስ ሙቀቱ አብሮ ይቀንስለታል፤ ቱርቦ ያለው ሞተር ግን አየሩን ጨምቆ ስለሚያስገባ ኃይሉን በብዛት ይዞ ይቀራል፤ ሙቀቱም እንዲሁ። በደጋ አገር ቱርቦ ያለው መኪና የሚይዝ ሰው ይህን ልብ ማለት ይገባዋል።

ሠ. ማሻሻያዎቹ አንድ በአንድ

1. ቴርሞስታት። ቴርሞስታት ውሃው እስኪሞቅ ድረስ የራዲያተሩን መንገድ ዘግቶ የሚጠብቅ በር ነው። በዝቅተኛ ዲግሪ የሚከፈት ቴርሞስታት ቀደም ብሎ ይከፈታል እንጂ፣ ሁለቱም ሙሉ በሙሉ ከተከፈቱ በኋላ ልዩነት የላቸውም። አውጥቶ መጣሉ ደግሞ በብዙ ሞተሮች ጉዳት አለው፤ ምክንያቱም ቴርሞስታቱ ሲከፈት ወደ ሞተሩ የሚመልሰውን አቋራጭ መንገድ አብሮ ይዘጋል። እርሱ ከሌለ ከፊሉ ውሃ ራዲያተሩን ሳይነካ ወደ ሞተሩ ይመለሳል።

«ውሃው ከፈጠነ ለመቀዝቀዝ ጊዜ አያገኝም» የሚለው የተለመደ አነጋገርም ልክ አይደለም። ውሃው በፍጥነት ሲዞር አንዱ ጠብታ በራዲያተሩ ውስጥ የሚቆይበት ጊዜ ቢያጥርም ቶሎ ቶሎ ይመለሳል፤ በጠቅላላው የሚወገደው ሙቀት ይጨምራል እንጂ አይቀንስም።

2. ክዳን። ጠንካራ ክዳን ሙቀት አያወጣም፤ የመፍያውን ወሰን ብቻ ያርቃል። ለጥቂት ደቂቃ ለሚመጣ ሙቀት ይረዳል፤ ለ40 ደቂቃ ዳገት ግን አደጋውን ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም። ያረጁ የጎማ ቱቦዎች ካሉም ግፊቱ ሊቀድዳቸው ይችላል።

3. ራዲያተር። ከውፍረቱ ይልቅ የፊቱ ስፋት ይበልጣል። በወፍራም ራዲያተር ውስጥ የሚያልፍ አየር ከኋለኛው ረድፍ ሲደርስ አስቀድሞ ስለሚሞቅ የኋላው ረድፍ የሚሠራው ጥቂት ነው፤ በዚያም ላይ ውፍረቱ የአየሩን ማለፊያ ያከብደዋል። ደካማ ማራገቢያ ባለው መኪና ወፍራም ራዲያተር ማግባት አንዳንድ ጊዜ ነገሩን የሚያብሰው ስለዚህ ነው።

4. ማራገቢያና ቆርቆሮ ከለላው። በማራገቢያውና በራዲያተሩ መካከል የሚደረገው ከለላ ከሌለ ማራገቢያው የሚስበው በክቡ ልክ ከፊቱ ያለውን አየር ብቻ ነው፤ በጠርዙም በኩል የሞቀውን አየር መልሶ ያዞረዋል። በዝግታ ለሚሄድ መኪና ከለላው ርካሽና ታላቅ ጥቅም ያለው ነገር ነው።

5. የአየር መንገድ። አየር እንደ ውሃ ቀላሉን መንገድ ይከተላል። በራዲያተሩ ዙሪያ ክፍተት ካለ በመካከሉ ከማለፍ ይልቅ በጎኑ ይሾልካል። ክፍተቱን በቆርቆሮና በጎማ መድፈን፣ ለሞቀውም አየር ከኮፈኑ ሥር መውጫ መስጠት በውድድር ሜዳ ለሚነዳ መኪና መጀመሪያ የሚሞከር ሥራ ነው።

6. የዘይት ማቀዝቀዣ። ውሃው ደኅና ሆኖ ሳለ ዘይቱ ከ130 ዲግሪ በላይ የሚሄድ ከሆነ ዘይቱ እየቀጠነ ብረቱን በሚገባ መለየት ይሳነዋል። ለዚህ መድኃኒቱ የዘይት ማቀዝቀዣ ነው። ነገር ግን ከራዲያተሩ ፊት የተቀመጠ እንደ ሆነ የራዲያተሩን አየር አስቀድሞ ያሞቀዋል፤ ስለዚህ ከተቻለ ቦታው ሌላ ይሁን።

7. ፈሳሹ። ንጹሕ ውሃ ከማንኛውም ድብልቅ ይበልጥ ሙቀት ይሸከማል። እኩል በእኩል የተደባለቀ ፀረ በረዶ ግን የመፍያውን ዲግሪ ከፍ ያደርጋል፤ ዝገትንም ይከላከላል። በመንገድ ላይ ሲፈስ ስለሚያንሸራትት በብዙ የውድድር ሜዳዎች የተከለከለ ነው። ውሃ ብቻ የሚጠቀም ሰው የዝገት መከላከያ ይጨምርበት። ኖራ የበዛበት የጉድጓድ ውሃ ግን በቱቦዎቹ ውስጥ ቅርፊት እየሠራ ሙቀቱን ስለሚያግደው አይመከርም።

ረ. አመራረጡ

ከዚህ በላይ የተባለውን በአጭሩ ስንሰበስበው አራት ምልክቶች ይገኛሉ። መኪናው ሲቆም ወይም ሲዘገይ ግሎ ሲፈጥን የሚበርድ ከሆነ ጉድለቱ የማራገቢያው ወይም የከለላው ነው። ሲፈጥን ወይም ሙሉ ኃይሉን ሲያወጣ የሚግል ከሆነ ራዲያተሩ ተደፍኗል ወይም አንሷል፣ አለዚያም አየሩ በጎን እየሾለከ ነው። የውሃው መለኪያ ረግቶ የዘይቱ የሚወጣ ከሆነ የዘይት ማቀዝቀዣ ያስፈልጋል። ሞተሩ ገና ሳይግል በራዲያተሩ ውስጥ አረፋ የሚታይ፣ ውሃውም የሚጎድል ከሆነ ግን የቴስታታው ጓርኒሲዮን ሳይነድድ አይቀርም፤ ለዚህ ደግሞ ማሻሻያ ሳይሆን ጥገና ነው የሚያስፈልገው።

ገንዘብ የማይጠይቁ ዘዴዎችም አሉ። በዳገት ማርሽ ቀንሶ መንዳት፣ ፓምፑና በሞተሩ የሚዞረው ማራገቢያ እንዲፈጥኑ ያደርጋል። የመኪናውን የውስጥ ማሞቂያ መክፈት እንደ ትንሽ ራዲያተር ያገለግላል። በውድድር ሜዳ ደግሞ የመጨረሻውን ዙር በዝግታ ጨርሶ መቆም ይበጃል። የጋለ ራዲያተርን ክዳን መክፈት ግን ፈጽሞ አይገባም፤ ግፊቱ በተለቀቀበት ቅጽበት ከ100 ዲግሪ በላይ ያለው ውሃ በአንድ ጊዜ ፈልቶ ፊትና እጅ ያቃጥላል።

የአጎቴ መኪና ነገር እንዴት እንደ ተፈጸመ ልንገራችሁ። ቴስታታው ተበጅቶ ከተመለሰ በኋላ በክረምቱ ዕረፍት ከአጠገባቸው ተቀምጬ የሙቀት መለኪያውን በደብተር እየመዘገብሁ ወደ ደጀን ሄድን። መርፌው በሜዳው መንገድ ጸጥ ብሎ፣ በዳገቱ ይወጣ ጀመር፤ ለጥ ያለ ቦታ አግኝተን ስንፈጥን ግን ወዲያው ወረደ። ምልክቱ የአየር እጦት ስለ ሆነ ራዲያተሩን አስወጥተን ብናይ፣ በእርሱና ከፊቱ ባለው የቤት ውስጥ ማቀዝቀዣ ራዲያተር መካከል ገለባና አቧራ እንደ ጭቃ ተጋግሮ ነበር። የማራገቢያው ከለላም በቀድሞ ጥገና ወልቆ ሳይመለስ ቀርቷል። ገለባውን ከኋላ በኩል በውሃ አጠብነው፤ አንድ ቆርቆሮ ሠሪ ከለላ ሠራልን፤ ቴርሞስታቱንም መለስን። ለሦስቱ ነገሮች የወጣው ገንዘብ ከወፍራሙ ራዲያተር ዋጋ እጅግ ያነሰ ነበር። ከዚያ ወዲህ መኪናይቱ ዳገቱን ሳትፈላ ትወጣለች።

አጎቴ አፋፉ ላይ መኪናቸውን አቁመው መለኪያውን ካዩ በኋላ «ይህን ያህል ዘመን ውሃ ያጠጣኋት ተጠምታ መስሎኝ ነበር፤ ለካስ የታፈነች ኖራለች» አሉ። እኔ ከዚህ የተሻለ መደምደሚያ ላገኝ አልቻልሁም። የተጠማውን ከታፈነው ሳይለዩ የሚገዛ ማሻሻያ ከሻጩ በቀር ማንንም አይጠቅምም።