ቅጣቱን እንክፈል ወይስ አቤት እንበል?
ያለቦታው ስለ ማቆም ቅጣት የተሰጠ ማብራሪያ

እንደሚታወቀው በጎንደር ከተማ የመኪናውና የባጃጁ ቁጥር ከመንገዱ ስፋት ጋር አልመጣጠን ካለ ሰንብቷል። ከተማችን መጀመሪያ የተሠራችው በእግረኛና በበቅሎ ልክ ነው። ፒያሳን ጣልያኖች ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆዩበት ጊዜ ሲቀይሱት፣ ዛሬ የምናየውን ያህል ተሽከርካሪ ይመጣል ብሎ ያሰበ አልነበረም። የፋሲል ግቢም በ1972 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ስለሆነ ግንቡን ገፍቶ መንገድ ማስፋት የማይታሰብ ነው። እንግዲህ ማቆሚያው ሲጠብ ቅጣቱ ይበዛል። ቅጣቱ ሲበዛ ደግሞ «ልክፈልና ልገላገል ወይስ አቤት ልበል?» የሚለው ጥያቄ በየመንገዱ ይሰማል።

«መኪና ለሌለን የመምህርነት ሠልጣኞች ይህ ምን ያደርግልናል?» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ነገሩ ግን ይመለከተናል። ነገ ተመርቀን ወደ ዳባት፣ ወደ ደባርቅ፣ ወደ ጃናሞራ ስንመደብ ማኅተም ያለበት ወረቀት የደረሰው ሰው ሁሉ «መምህር፣ እስቲ ይችን አንብቡልኝ» ብሎ ወደ እኛ መምጣቱ አይቀርም። ወረቀቱ የመንገድ ቅጣት፣ የግብር ወይም የመሬት ጉዳይ ሊሆን ይችላል፤ የማሰቢያው መንገድ ግን አንድ ዓይነት ነው። ስለዚህ ትንሹን ነገር ይዘን ትልቁን እንማርበት።

ሕጉ ነገሩን እንዴት ያየዋል?

በመሠረቱ ያለቦታው ማቆም ስርቆት ወይም ድብደባ አይደለም። ሕግ አውጪዎቻችን ቀላሉን ጥፋት ከከባዱ ለይተው «ደንብ መተላለፍ» ብለውታል። ለዚህም በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፣ በኋላም እርሱን የተካው የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ራሱን የቻለ ክፍል ሰጥተውታል። የ1954 ዓ.ም. የሥነ ሥርዓት ሕግም ለእንዲህ ያለው ጥፋት አጠር ያለ መንገድ አበጅቶ፣ ተከሳሹ ጥፋቱን በጽሑፍ እንዲያምን ፈቅዶ ነበር። የመንገዱን ጉዳይ በተለይ የያዘው በ2003 ዓ.ም. የወጣው የትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንብ ቁጥር 208 ሲሆን፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ደንብ ቁጥር 557 ወጥቷል። እዚህ ላይ ልብ ማለት የሚገባን የገንዘቡን ቅጣት ብቻ አይደለም። የሾፌሩ ጥፋት በሪከርድ ይያዛል፤ ሪከርዱ ሲጠራቀም መንጃ ፈቃድ እስከ ማሳገድ ይደርሳል። ስለዚህ «ከፍዬ ልገላገል» የሚል ሰው ብሩን ከፍሎ ይገላገል ይሆናል እንጂ ከሪከርዱ አይገላገልም።

በሌላ በኩል ደግሞ አቤት ማለት መብት ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 37 ማንም ሰው በፍርድ ሊታይ የሚገባውን ጉዳይ ለፍርድ ቤት ወይም የመዳኘት ሥልጣን ላለው አካል አቅርቦ ውሳኔ የማግኘት መብት እንዳለው ይናገራል። ነገሩ ለአገራችን ሰው እንግዳ አይደለም። ባላገር ንጉሡ በሚያልፍበት መንገድ ቆሞ «ጃንሆይ! አቤት!» ብሎ ይጮኽ ነበር፤ አቤቱታ የምንለው ቃልም ከዚሁ ከ«አቤት» የመጣ ነው። አበው «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» ሲሉ የሚያስቆጨው የዕቃው ትልቅነት ሳይሆን አካሄዱ መሆኑን ማስረዳታቸው ነው።

መጀመሪያ ወረቀቱን ማንበብ

ብዙ ሰው የቅጣት ወረቀት ሲሰጠው የሚያየው የብሩን መጠን ብቻ ነው። ይህ ትክክል አይደለም። ከመናደድም ከመክፈልም በፊት የሚከተሉትን አንድ በአንድ ማየት ያስፈልጋል።

1ኛ/ ወረቀቱን የሰጠው ማን ነው? ትራፊክ ፖሊስ ነው ወይስ ደንብ አስከባሪ? የየትኛው ጽሕፈት ቤት ማኅተም አለበት? አቤቱታውም የሚጀምረው ከዚያው ስለሆነ በር እንዳንሳሳት ይረዳናል።

2ኛ/ ታርጋው ትክክል ነው? አንዲት ቁጥር ብትለወጥ የሌላ ሰው ጥፋት ነው የተጻፈብን ማለት ነው።

3ኛ/ ቦታው በግልጽ ተጽፏል? «ፒያሳ» ብቻ ቢባል ፒያሳ ሰፊ ነው። ከየትኛው ሕንፃ ፊት ለፊት እንደሆነ ካልታወቀ ምልክት መኖር አለመኖሩን ማጣራት ያስቸግራል።

4ኛ/ ቀኑና ሰዓቱስ? በዚህ በኩል በአገራችን ልዩ ችግር አለ። ወረቀቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሚያዝያ 12 ከጧቱ 2፡30 ይላል። የስልኩ ፎቶግራፍ ግን ኤፕሪል 20፣ 8፡30 ብሎ ያሳያል። ሁለቱ አንድ ቀንና አንድ ሰዓት ናቸው። ይሁን እንጂ አመልካቹ ይህን በጽሑፍ ካላስረዳ ፎቶግራፉ የሌላ ቀን መስሎ ሊጣል ይችላል።

5ኛ/ ጥፋቱ ምን ተብሎ ተጻፈ? መቆምና ማቆም አንድ አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ1968 በቪየና በተስማሙበት የመንገድ ምልክት መሠረት፣ ቀይ ጠርዝ ባለው ሰማያዊ ክብ ላይ አንድ ሰያፍ ቀይ መስመር ካለ አቁሞ መሄድ ክልክል ነው፤ ሰው ለማውረድ ለአፍታ መቆም ግን አይከለከልም። ሁለት መስመር ተጠላልፎ ከተሣለ ለአፍታም መቆም የለም። ለባጃጅ ሾፌር ይህ ልዩነት የእንጀራ ነገር ነው።

6ኛ/ የመክፈያውና የአቤቱታው ጊዜ እስከ መቼ ነው? ጊዜ ያለፈበት አቤቱታ የቱንም ያህል እውነት ቢይዝ የሚያየው የለም።

መክፈል የሚሻለው መቼ ነው?

ምልክቱ በግልጽ ተተክሎ ሳለ ካቆምን፣ የእግረኛ ማቋረጫ ወይም የአውቶቡስ ፌርማታ ዘግተን ከሆነ፣ ወይም መታጠፊያ ላይ ቆመን የሚመጣውን ከከለልን መክፈል ነው። «ሌላውም ያቆማል» ማለት መከራከሪያ አይሆንም። «ለ5 ደቂቃ ነው» ማለትም እንዲሁ፤ የተዘጋው ማቋረጫ ላይ ዓይነ ስውርና አሮጊት የሚቸገሩት በዚያችው 5 ደቂቃ ነው። በጥምቀት ሰሞን ደግሞ ወደ ጥምቀተ ባሕሩ የሚወስደው መንገድ በሕዝብ ሲሞላ ለጊዜው የሚዘጉ ቦታዎች ይኖራሉ። ክልከላው ለሾፌሮች አስቀድሞ በግልጽ ከተነገረ «ትናንት ይቻል ነበር» ማለት አያዋጣም።

አቤት ማለት የሚገባው ደግሞ ምልክት ሳይኖር ወይም በዛፍና በማስታወቂያ ተሸፍኖ ሲገኝ፣ ታርጋ ወይም ሰዓት ሲሳሳት፣ መኪናው ተበላሽቶ ወይም በሽተኛ ተጭኖ ከአቅም በላይ ሲሆን ነው። በዚህ መካከል ሦስተኛ ነገር አለ። «ጥፋት የለብኝም» ማለትና «ጥፋቴን አምናለሁ፣ ነገር ግን ይቅለልልኝ» ማለት የተለያዩ ልመናዎች ናቸው። ሁለቱን ባንድ ወረቀት የደባለቀ ሰው አንዱን በሌላው ያፈርሰዋል።

እስቲ እናስላው

ለምሳሌ ያህል ቅጣቱ 500 ብር ነው እንበል። ሾፌሩ በሌላ ሰው ባጃጅ የሚሠራ፣ ማታ ማታ ለባለንብረቱ ገቢ የሚያስገባ ነው። አቤት ለማለት ሁለት ግማሽ ቀን ቢያጠፋና በየግማሽ ቀኑ 400 ብር ቢቀርበት 800 ብር ይሆናል። ለማመልከቻ ጸሐፊና ለፎቶ ኮፒ 100 ብር፣ ለመመላለሻ 60 ብር ስንጨምርበት ድምሩ 960 ብር ነው። ስለዚህ ሙሉ በሙሉ ቢረታ እንኳ 500 ብር ለማዳን 960 ብር አወጣ ማለት ነው። በዚህ ሂሳብ ጥፋት የሌለበት ሰው ሁሉ ዝም ብሎ ቢከፍል አይገርምም። በየከተማው እንደተለመደው ታርጋው ተፈትቶ ወይም መንጃ ፈቃዱ ተይዞ ከሆነማ እያንዳንዷ ቀን ስለምትቆጠር መክፈሉ ይብሳል።

ታዲያ አቤቱታ ከንቱ ነው? አይደለም። ሂሳቡ የጎደለው አንድ ነገር ስላለ ነው። ምልክት በሌለበት በዚያ ቦታ ነገ ሌላ ሾፌር ይቀጣል፤ ከነገ ወዲያም ሌላ። 20 ሾፌሮች እያንዳንዳቸው 500 ብር ቢከፍሉ 10,000 ብር ነው። የባጃጅ ሾፌሮች ደግሞ በማኅበር የተደራጁ ናቸው። ማኅበሩ አንድ ሰው ወክሎ፣ ፎቶግራፉን አያይዞ «ምልክት ይተከል፣ እስከዚያው የተጻፈው ይታይልን» ቢል የአንዱ ሰው 960 ብር ለ20 ተካፍሎ 48 ብር ይሆናል። ስለዚህ ለብቻ ሲታሰብ የማያዋጣው አቤቱታ በጋራ ሲሆን ያዋጣል። ሪከርዱ እንዳይመዘገብ ማድረግም ዋጋው በብር ብቻ የሚተመን አይደለም።

ሁለት የማያዋጡ መንገዶች

የመጀመሪያው ዝም ማለት ነው። ሳይከፍሉም ሳያመለክቱም ወረቀቱን ኪስ ውስጥ ማሳደር ከሁለቱም የከፋ ነው። የመክፈያው ጊዜ ካለፈ ዕዳው ይከብዳል እንጂ አይረሳም፤ ለዓመታዊ ምርመራ ወይም መንጃ ፈቃድ ለማሳደስ በተሄደ ቀን ብቅ ይላል።

ሁለተኛው በእጅ መጨበጥ ነው። ደረሰኝ የሌለው ገንዘብ ቅጣት አይባልም፤ ጉቦ ነው። በ2007 ዓ.ም. የወጣው የሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881 ተቀባዩን ብቻ ሳይሆን ሰጪውንም ይጠይቃል። 500 ብር ላለመክፈል 200 ብር የሰጠ ሰው ከደንብ መተላለፍ ወደ ወንጀል ተሸጋገረ እንጂ ምንም አላተረፈም።

አቤቱታው እንዴት ይጻፍ?

አጭር ይሁን። ስድብ፣ ሐሜት፣ የዘር ማንዘር ታሪክ አይግባበት። ለምሳሌ እንዲህ ሊጻፍ ይችላል፦

«ጉዳዩ፦ የማቆሚያ ቅጣት እንዲነሳልኝ ስለመጠየቅ። እኔ አመልካች ሚያዝያ 12 ቀን ከጧቱ 2፡30 ላይ ባጃጄን ያቆምኩበት ቦታ የክልከላ ምልክት የሌለበት መሆኑን በዚያው ሰዓት የተነሱት 2 ፎቶግራፎች ያሳያሉ። (ፎቶግራፉ ላይ 8፡30 የሚለው በፈረንጅ ሰዓት ስለሆነ ነው።) ስለዚህ ቦታው ታይቶ ቅጣቱ እንዲነሳልኝ፣ የማይነሳ ከሆነም ምክንያቱ በጽሑፍ እንዲገለጽልኝ በትሕትና አመለክታለሁ።»

የመጨረሻዋ ዐረፍተ ነገር ትልቅ ጥቅም አላት። ምክንያቱ በጽሑፍ ካልተያዘ የበላይ ኃላፊም ሆነ ፍርድ ቤት የሚያየው ነገር አይኖርም። ለፌዴራል መሥሪያ ቤቶች በ2012 ዓ.ም. የወጣው የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183 ውሳኔ ከነምክንያቱ እንዲሰጥ ያዛል። አዋጁ የክልል መሥሪያ ቤቶችን በቀጥታ የሚያስገድድ ባይሆንም፣ ምክንያት መጠየቅ ነውር አለመሆኑን ያስተምረናል። ማመልከቻው ሲገባ በመዝገብ መመዝገቡን ማየት፣ ቁጥሩን መያዝ፣ አንድ ቅጂም እቤት ማስቀረት አይዘንጋ። በጽሕፈት ቤቱ መልስ ያልረካ ወደ በላይ ኃላፊው ይሄዳል። የአስተዳደር በደል ከሆነ በ1992 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 211 የተቋቋመው የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አለ፤ ይሁን እንጂ ፍርድ ቤት የያዘውን ጉዳይ አይመለከትም።

በሌላ አገርስ?

የመኪና ማቆሚያ ሂሳብ መቁጠሪያ መጀመሪያ የቆመው እ.ኤ.አ. በ1935 በአሜሪካ፣ በኦክላሆማ ሲቲ ነው። በእንግሊዝ አገር ዛሬ የከተማው ምክር ቤት የቀጣው ሰው ለመክፈል 28 ቀን አለው፤ በ14 ቀን ውስጥ ከከፈለ ግማሹ ይቀነስለታል። በዚያው 14 ቀን ውስጥ ተቃውሞ ጽፎ ቢረታም፣ ብዙውን ጊዜ በግማሹ የመክፈል ዕድሉ አይነፈገውም። ከዚያም ወደ ገለልተኛ ዳኛ ያለ ክፍያ ይደርሳል። በለንደን ታክሲ የሚነዱ ወገኖቻችን ይህን አሠራር ጠንቅቀው ያውቁታል። ከዚህ የምንማረው አቤት ያለን ሰው አቤት በማለቱ ብቻ የማይቀጣ አሠራር ሲኖር፣ ጥፋተኛው ቶሎ እንደሚከፍል፣ ንጹሑም ደፍሮ እንደሚናገር ነው።

ለማጠቃለል ያህል፣ ጥፋት ያለበት በጊዜው ይክፈል፤ ደረሰኙንም ይያዝ። ጥፋት የሌለበት በጊዜው ይጻፍ፤ ቅጂውንም ይያዝ። የብዙ ሰው ችግር የሆነውን ብዙ ሆኖ ማመልከት ይሻላል። እኛ ደግሞ በየገጠሩ «አንብቡልኝ» ስንባል የብሩን መጠን ብቻ ነግረን ሰውዬውን አንሸኘው። ማን እንደጻፈው፣ ስለ ምን እንደተጻፈ፣ እስከ መቼ መልስ እንደሚሰጥበትና ማን ዘንድ አቤት እንደሚባል ጭምር እናንብብለት።